ሺፋ እስክትሰማ

ልደታ፣ መጋቢት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቶ አብዱልመናን፣
ኮምቦልቻ

እንደምን ሰነበቱ? ወይዘሮ ወርቅዬና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ሰሞን ደህና ማለት ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ሹፌሩ ሁመድ ወረቀትዎን ትናንት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰጠኝ። መልሱን ያሳደርኩት ወድጄ አይደለም፤ መጀመሪያ የጻፍኩት ስድብ ቀረሽ ስለነበር ቀድጄ ጣልኩት። ይቅር ይበሉኝ፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ አይባልም። ግን ለቅሶ ቤት አብረን ስንቀመጥ አፌ እንደማያርፍ ሳያዩ አልቀሩም። በስልክ ያልነገሩኝም ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ስልክዎ ማታ ማታ በሺፋ እጅ ነው፤ መልእክት ቢገባ ቀድማ የምታነበው እሷ ናት።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቃሉ። እንዴት አያውቁ? ወንድምዎ አብዱልጀባር የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ልብስ እየሰፋ ሳለ ነው። ከስፌት መኪናው ላይ ያነሣው የኔው ተማሪ ፈሀድ ነው። ሌሎቹም ኮልፌ ድረስ ሄደው ቀብረውታል። እርስዎ ከኮምቦልቻ እስኪደርሱ ቀብሩ አልቆ ነበር፤ ቁጭትዎን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፌስቡክ ላይ ያለው ክፍል ምን ዓይነት ክፍል እንደሆነ አልገባኝም ብለዋል። ነገሩ ቀላል ነው። አምና ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቼ ተበተኑ። አንዷ ጀሞ ሄደች፣ አንዱ ገላን፤ ትምህርት ቤቱን ባይለቁም ከክፍል በኋላ መሰብሰብ ቀረ። ሺፋን ደግሞ አባቷ «የተከራየሁት ክፍል ለሴት ልጅ አይሆንም» ብሎ ለእርስዎ አደራ ሰጣት። እኔም እልኸኛ ነኝና ልጆቼን አልለቅም ብዬ ፌስቡክ ላይ ሰበሰብኳቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አንዱ የጻፈውን ይለጥፋል፣ ሌሎቹ ይተቹታል። ሕጋችን አንድ ናት፤ ይሉኝታ የለም። ጽሑፉ ካነከሰ አነከሰ ይባላል። ዳዊ የሚባል ምላሱ ምላጭ የሆነ ልጅ አለኝ። ጥር ላይ የሺፋን ታሪክ «ይሄ ልቦለድ ሳይሆን የእድር ቃለ ጉባኤ ነው» ብሎ አስለቀሳት። እሷም በሳምንቱ የእሱን ግጥም ብትንትኑን አወጣችው። እንዲህ ነው የሚዋደዱት።

ፈሀድ ደግሞ የሺፋን ጽሑፍ ስልኩ ላይ ይዞ አባቷ ሱቅ ይሄድና ያነብለት ነበር። አብዱልጀባር እግሩን ከመርገጫው ላይ አንሥቶ ይሰማል። ሲያልቅ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ይላል፤ የማን እንደሆነች ሰው ሁሉ እንዲነግረው። ልጆቹ ይሄንን ሊሰሙ ሲሉ ብቻ ከትምህርት ቤት እየሮጡ ይመጡ ነበር።

እንግዲህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የወሰኑትን እንዳላፈርስ ለምነውኛል። እስከ ብሔራዊ ፈተናው ድረስ መርዶው እንዳይነገራት፣ ልጆቹም አፋቸውን እንዲይዙ። አባቷ «ምንም ቢመጣ ልጄ ፈተናዋን ትፈተን» ብሎ ነበር ብለዋል። እኔ በነገሩ አላምንበትም። ግን የሟች ቃል አላፈርስም። በዕረፍት ሰዓት ሰብስቤያቸው ሆድ ይፍጀው ብያቸዋለሁ። ሰላም የምትባለው ልጅ ፌስቡክ ላይ የሻማ ሥዕል አድርጋ ነበር፤ ሺፋ ሳታየው አስነሥቻታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። እኔ እነዚህን ልጆች ሳስተምር የኖርኩት ሰው ያልጻፈውን እንዲያነቡ ነው። ከሁሉም የምትበልጠው አንባቢ ደግሞ የእርስዎ ቤት ናት ያለችው። ፈርቻለሁ።

አክባሪዎ
ወለተሰንበት


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለክብርት እኅቴ ለመምህርት ወለተሰንበት፣

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። ወርቅዬ ሰላም ብላለች። ቃልዎን ስለሰጡኝ አላህ ይስጥልኝ። የቀደዱትንም ወረቀት ቢልኩት ኖሮ አልቀየምም ነበር፤ እኔም ራሴን ስሰድብ ነው የምውለው።

ሁመድ በቃል ያደረሰልኝን ጥያቄዎን ሰምቻለሁ። «እርሳቸውስ አልቅሰዋል ወይ?» ብለውታል አሉ። ከእርስዎ በቀር ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

አላለቀስኩም መምህርት። እዚያ ስደርስ ተቀብሮ ነበርና ደንዝዤ ዋልኩ። እዚህ ስመለስ ደግሞ ሺፋ በር ላይ ቆማ «አባቴ ምን ላከልኝ?» አለችኝ። መርካቶ ዕቃ ላመጣ ነው ብያት ነበር የሄድኩት። ሲመጣ የነበረው እንባ እዚያው ደረቀ። አብዱልጀባር ታናሼ ነው። ልጅ ሳለን እናታችን ገበያ ስትሄድ አዝዬው የምውለው እኔ ነበርኩ። ይኸው ሞተና ቤቴ ለቅሶ አልተቀመጠም። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ሊያጽናናኝ የሚመጣ ግን የለም፣ እሷ ትሰማለች ብለው። መንገድ ላይ እጄን ጨብጠው ጠበቅ ያደርጉኝና ያልፋሉ። ወርቅዬ እንባዋ ሲመጣ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ሰሞኑን ወጡ ሁሉ ሽንኩርት በዝቶበታል። እኔ ሽንኩርት አልከትፍ። ሱቅ ዘግቼ ላልቅስ ስል፣ ጨርቅ የሚገዛ ሰው በሩን ያንኳኳል።

አባቷ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውልላት እንደነበር ያውቃሉ። በመጀመሪያው ዓርብ ስልኩ ተሰርቋል አልኳት። በሚቀጥለው ደግሞ ጅማ የተማሪ ልብስ ሊሰፋ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም አልኳት። «ከጅማማ ይደወላል እኮ» አለች። ከከተማው ወጣ ያለ ነው አልኳት። ውሸት እንደ አሮጌ ጨርቅ ሆነብኝ፤ በዚህ ስጥፈው በዚያ ይቀደዳል። ወላሂ፣ በሽምግልናዬ ውሸታም ሆንኩ።

አሁን ደግሞ ሌላ ልመና ይዤ መጣሁ፤ እንዳይቆጡኝ። ስልክ ከሌለው ለምን ወረቀት አይጽፍልኝም አለችኝ ትናንት። ወንድሜ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሲጽፍም ሰው ያጽፍ ነበርና እጁ አይታወቅም። ከተማሪዎችዎ አንዱ በእሱ ስም ሁለት መስመር ቢጽፍላት ምን ይመስልዎታል? «ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ በርቺ» ይበቃል። ሁመድ ይዞት ይመጣል። ልቧ ተረጋግቶ ለፈተናዋ ታነብ ነበር።

እርስዎ የጽሑፍ ሰው ነዎት፤ እንዴት እንደሚባል ያውቁበታል። እኔ ይህንን የምለምነው ለራሴ አይደለም።

ወንድምዎ
አብዱልመናን


ልደታ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቶ አብዱልመናን፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ፋሲካን እንደ ነገሩ አሳለፍኩ። ከኮንዶሚኒየማችን በታች ያለው የባቡር ሐዲድ አልቆ ባዶ ባቡር ለሙከራ ይመላለስበታል፤ እኔም ሰሞኑን እንደሱ ሆኛለሁ፣ ሰው ሳልይዝ ከወዲያ ወዲህ።

የጠየቁኝ አይሆንም። አልጽፍም፣ አላስጽፍምም።

እንዳይቀየሙኝ ምክንያቴን ልንገርዎ። ዝም በሉ አሉ፤ ዝም ብለናል። ዝም ማለትና መዋሸት ግን አንድ አይደሉም፤ ምንም ያህል ጎረቤታሞች ቢሆኑ። አብዱልጀባር «በርቺ» ሲል እንዴት እንደሚል ከእሷ ይልቅ ማን ያውቃል? ዳዊ ነው የሚያውቀው? እኔ ነኝ? የምትይዘንስ በሁለተኛው ቃል ላይ ነው። እሺ አትያዘን እንበል። ኋላ እውነቱን ስትሰማ ያቺን ወረቀት ምን ታድርጋት? የአባቷ የመጨረሻ ቃል ብላ እንዳታስቀምጣት፣ የአባቷ አይደለችም። ቀድዳ እንዳትጥላት፣ «በርቺ» ትላለች። እባክዎን እንዲህ ያለ ነገር እጇ ላይ አናስቀምጥባት። «ለምን አይጽፍልኝም?» ብላ ስትጠይቅዎ «አላውቅም ልጄ» ይበሏት። ይሄ ቢያንስ ከግማሹ በላይ እውነት ነው፤ የሞት ለምን ለማን ታውቆ?

ስለ ክፍሉ ደግሞ ልንገርዎ። ክፍሉ ደህና አይደለም። የፈራሁት መጥቷል፤ የመጣው ግን ባልጠበቅኩት በኩል ነው። ማንም አላወራም። አንድም ልጅ አፉ አላመለጠውም፤ በዚህስ ኮርቼባቸዋለሁ። ችግሩ ደጎች ሆነዋል። ሺፋ አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለት ጽሑፍ ለጠፈች። በፊት ቢሆን ሥጋና አጥንቱን ይለያዩት ነበር። አሁን ሰላም «ልቤን ነካው» ትላለች፣ ፈሀድ «ማሻአላህ» ይላል። ዳዊ፣ ያ ምላሱ ምላጭ የሆነው ልጅ፣ «ቆንጆ ነው» ብሎ ጻፈ። ዳዊ ቆንጆ ነው ሲል እኔ ራሴ ስልኬን ከእጄ ልጥለው ነበር።

በማግሥቱ ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«አንተ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ቆንጆ የሆነው?»

«ቲቸር፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እንዴት ብዬ ልናገራት? አባቷ ሱሪዬን ቆሞ እየለካ ነው ያጠበበልኝ።»

«እጅህ እምቢ ካለህ አትጻፍ። አታሞግስ ብቻ።»

«ዝም ካልኩማ ትጠረጥራለች።»

ልክ ነው ልጁ። ቢናገርም ቢተውም ያው ነው።

እኔ ይሄንን ነገር አውቀዋለሁ፣ አቶ አብዱልመናን። እናቴ ያረፈች ጊዜ ደብረ ብርሃን ነበር የማስተምረው። እናትሽ ታማለችና ነይ ተብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንዲት የሰፈራችን ሴት አብረውኝ ነበሩ፤ ከእናቴ ጋር በውኃ ወረፋ ዕድሜ ልካቸውን ሲነታረኩ የኖሩ ሴት። የመስኮቱን ቦታ ለቀቁልኝ። ብርቱካን እየላጡ በእጃቸው አጎረሱኝ። ሸኖ ሳንደርስ አወቅኩ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ፣ አውቄ እንዳላወቀ ሰው ብርቱካን እየበላሁ ሄድኩ። እስከ ዛሬ የማዝነው በዚያ መንገድ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ስልክዎን ስትወስድ ፊቷ ምን እንደሚመስል አይተው ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ወለተሰንበት


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለክብርት እኅቴ ለመምህርት ወለተሰንበት፣

የአላህ ሰላም ይድረስዎ። ሁመድ መኪናው ተበላሽታበት ስለነበር ወረቀቴ ዘገየ፤ ለዚህ አፉ ይበሉኝ። እውነቱን ልናገርና ደግሞ ትንሽ አኩርፌም ነበር። «አይሆንም» የሚል ቃል በዕድሜዬ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደ እርስዎ ግን በአንድ መስመር የነገረኝ የለም። ወርቅዬ አንብቤላት ስጨርስ «ሴትዮዋ ልክ ናት» ብላ ተነሥታ ሄደች። ከሁለት ሴት ጋር መከራከር አልችልም፤ ተውኩት።

ደስ የሚል ወሬ ስላለኝ አብሽሩ። ሺፋ ስለ አባቷ መጠየቅ ትታለች። እርስዎ እንዳሉኝ «አላውቅም ልጄ» አልኳት፤ ረዥም አየችኝና «እሺ» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም። ዓርብም ቢሆን ስልኬ አጠገብ አትቆምም። እህል ትበላለች። መጽሐፏን ይዛ ሱቅ ትመጣለች፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ታነባለች፣ ሲሞቅ ጨርቅ ትለካልኛለች። እጇ እንደ አባቷ ነው፤ ክንድ ሳታስረዝም ሳታሳጥር ትለካለች። አላህ ልቧን አረጋጋልን እላለሁ።

ፊቷን አይተው ይጻፉልኝ ብለው ነበር። ድሮ ሐሙስ ሐሙስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ እያነበበች አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ «ይሄ ዳዊ!» ብላ እግሯን መሬት ላይ ትመታለች። አሁን ዝም ብላ ነው የምታነበው። ያነበበችውንም መልሳ ታነበዋለች። ሌላ የማየው ነገር የለም።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ባለፈው ሱቅ ሰው ሳይኖር «አጎቴ፣ ከአባቴ ጋር ልጅ ሳላችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» አለችኝ። ቦርከና ወንዝ እንደምንዋኝ፣ አንድ ክረምት ደራሽ ውኃ ሲመጣ ልብሳችንን ወስዶብን እኔ የኮባ ቅጠል ታጥቄ ወደ ቤት ስገባ እሱ እርቃኑን በገበያው መካከል እየሳቀ እንደሮጠ ነገርኳት። በጣም ሳቀች። ሌላ ይንገሩኝ አለች። በማግሥቱም መጣች፣ ሌላ ይንገሩኝ አለች። መምህርት፣ አፌ ስለ እሱ ማውራት እንዴት ናፍቆት ኖሯል! ማንም ስሙን በቤቴ አላነሣምና እኔ ከዚህች ልጅ ጋር ተቀምጬ አወራው ጀመር። አንዳንዴ «አብዱልጀባር እንዲህ ነበር» ብዬ ደንግጬ ዝም እላለሁ። እሷ ግን አታስተውልም።

ፈተናው ሊደርስ ነው። ትንሽ ነው የቀረን። ኢንሻአላህ እንዲሁ በሰላም ያደርሰናል።

ወንድምዎ
አብዱልመናን


ልደታ፣ ግንቦት 7 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቶ አብዱልመናን፣

እንደምን አሉ? ሰላምታዬ አጭር ቢሆን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁመድ ሜክሲኮ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ እኔም ሌሊቱን አልተኛሁም።

ትናንት ሐሙስ ተራው የሺፋ ነበር። አንድ ታሪክ ለጠፈች። ምን እንደሆነ ባጭሩ ልንገርዎ። አንድ ነጋዴ አለ። በመጀመሪያው አንቀጽ ይሞታል። ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይቀበራል፤ አፈሩ ሲመለስ ድምፁ ሳይቀር ተጽፏል። ከዚያ ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤቶቹ ትተርካለች። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ያው ሰውዬ፣ በዚያው ስሙ፣ ሴት ልጁ ዘንድ ስልክ ይደውልና «ምሳ በላሽ?» ይላታል። አለቀ።

መጀመሪያ የተቀበረው ሰው መጨረሻ ላይ ይደውላል። ይህን ስሕተት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አይሳሳተውም፤ ሺፋማ በምንም ተአምር። የክፍሌ ልጆችም ይህን ስሕተት ዓይናቸውን ጨፍነው ያገኙታል።

ከታች የጻፉትን ልንገርዎ። ሰላም «አለቀስኩ ሺፍዬ» አለች። ፈሀድ «አላህ ይጨምርልሽ» አለ። ዳዊ «ጎበዝ። ምንም እንከን የለውም» አለ። ሌሎቹም እየተከተሉ፣ ጎበዝ፣ በርቺ፣ ደስ ይላል። አንድም ልጅ «ሰውዬው ሞቷል እኮ» አላለም። እንዴት ይበሉ? አባቷ ለሞተባት ልጅ «ሞቷል» የሚል ቃል መጻፍ ፈሩ። ስሕተቱን ያላየ ሰው ስላልነበረ ነው ሁሉም ያለፈው። እሷም የጠየቀቻቸው ይሄንኑ ነበር፤ መለሱላት።

ከዚያ ሁሉም የእኔን ቃል ይጠብቁ ጀመር። ሁልጊዜ የምዘጋው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? እንደ ሕጋችን ከሆነ «የሞተ ሰው አይደውልም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እንደ ልጆቹ ከሆነ «ጎበዝ» ብዬ። አንዱን ብጽፍ መርዶ ነው፣ ሌላውን ብጽፍ መርዶ ነው። ማስተማር ከጀመርኩ እንዲህ ያለ የፈተና ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። ብዙ ቆይቼ «ሺፋ፣ አንብቤዋለሁ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው «እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ» አለች። ሌላ ምንም የለም።

ወንድሜ፣ ልጅቷ ታውቃለች። የምታውቀውም ከትናንት ጀምሮ አይደለም። ትናንት ያደረገችው ማረጋገጥ ነው። መጠየቅ የተወችው ልቧ ተረጋግቶ አይደለም። ስለ ቦርከና ያስወራችዎትም ለጨዋታ አይመስለኝም፤ አባቷን ለማልቀስ ሌላ መንገድ አላገኘችም። ምናልባትም እርስዎ እንዲያወሩት ብላ ይሆናል። እኛ ለእሷ ብለን ደበቅናት፤ እሷ ደግሞ ለእኛ ብላ እየደበቀችን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ፣ ሁላችንም በየጓዳችን ተቀምጠናል።

ስለዚህ ይንገሯት። ፈተናው እስኪያልፍ አይጠብቁ። የአብዱልጀባር ቃል ይፈርሳል ብለው እንዳይፈሩ፤ ልጄ ትፈተን ነው ያለው እንጂ ልጄ ብቻዋን ታልቅስ አላለም። የሽማግሌዎቹንም ነገር ይተዉት፣ ዛሬ ጠዋት ጌጃ ሄጄ አነጋግሬአቸዋለሁ። ሼህ ደጉ እንደሚያውቋቸው ቁጡ ናቸው፤ ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ነገሩን ሰምተው መቁጠሪያቸውን እጃቸው ላይ ጠቀለሉና «እሷ ካወቀች፣ እኛ ከማን ነው የምንደብቀው?» አሉ። ይንገሯት ብለዋል።

ደፍሬ ከሆነ ይቅርታ። ግን በዚያ አውቶቡስ ላይ ሌላ ቀን እንድትውል አልፈልግም።

እኅትዎ
ወለተሰንበት


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 13 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለክብርት እኅቴ ለመምህርት ወለተሰንበት፣

የአላህ ሰላም በእርስዎ ላይ ይሁን። ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ብሎዎታል። ሺፋም ሰላም ብላለች። ፈተናው ላይ እቀመጣለሁ ብላለች፤ እኔ ካቃተሽ የሚቀጥለው ዓመት አለ፣ አባትሽም አይቀየምም አልኳት። «እቀመጣለሁ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ለዳዊ መልእክት አላት፦ «ምንም እንከን የለውም» ያልካትን ቃል ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሁለተኛ ግን እንዳይለመድህ ብላዋለች። ለሰላምና ለፈሀድም ብዙ ሰላምታ። ልጆቹን እንዳይቆጧቸው ለምናለች።

እንዴት ሆነ ብለው እየጠበቁ እንደሆነ አውቃለሁ። ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። አሁን ልጻፈው።

ወረቀትዎ ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰኝ። ወርቅዬን አማከርኩ፣ ሦስት ሽማግሌ ለመንኩ። እሑድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አብረን ከመስጊድ ወጥተን ወደ ቤት መጣን። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዲያለቅስ። በመንገድ ላይ ሁመድ የሰጠኝን ወረቀትዎን ኪሴ ውስጥ እየነካሁ፣ ቃሌን እያዘጋጀሁ ነበር የምሄደው። «ልጄ፣ የማይሞት የለም» ብዬ ልጀምር፣ ወይስ ሽማግሌዎቹ ይጀምሩ?

በሩን ስንከፍት ግቢው ተጠርጓል። ሰሌኖቹ ሁሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፈዋል። የውኃ ማሰሮውና ኩባያው በየቦታው ቆሟል። አግዳሚ ወንበሩን ከሱቅ ድረስ ማን እንዳመጣላት አላውቅም። ሺፋ ጥቁር ሻሽ አሥራ መካከል ላይ ቆማለች። ለካ ማታ ወርቅዬ ሊጥ ስታበዛ አይታ፣ ሁላችንም ስንተኛ ተነሥታ ለራሷ ለቅሶ ቤቱን አዘጋጅታለች።

ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ…» ብለው ጀመሩ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለች። «ቆማችሁ አትድከሙ።»

ተቀመጥን። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይህ ነው። አራት ሽማግሌ ሰው መሬት መሬት እያየን ተቀመጥን። እሷ ራሷ ጠየቀችን።

«ቀኑን ብቻ ንገሩኝ» አለች። «መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ነበር» አልኳት። «መጋቢት መጀመሪያ ላይ። እኔ መርካቶ እሄዳለሁ ያልኩሽ ቀን።»

«ብቻውን ነበር?»

«አይደለም። ሥራው ላይ ነበር። ፈሀድ አጠገቡ ነበረ። ብዙ ሰው ነው የቀበረው።»

ራሷን ነቀነቀች። እኔ አሁን ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተነሣሁ። እሷ ግን መጥታ ፊቴ በጉልበቷ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ። መምህርት፣ ያለችኝን እንዳለችው እጽፍልዎታለሁ።

«አጎቴ፣ እኔ በየሌሊቱ ትራሴ ውስጥ አልቅሻለሁ። እርስዎ ግን አላለቀሱም። ስለ ወንዙ ሲነግሩኝ ድምፅዎ ሲሰበርና ሲመልሱት እሰማ ነበር። የእኔ አባት ነው፣ የእርስዎም ወንድም ነው። ለእኔ ሲሉ ከእንግዲህ አይያዙት።»

ወርቅዬ ከወጥ ቤት ጮኸች። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባ፤ ለካ በየበራቸው ቆመው ሲጠብቁ ኖረዋል። ሴቶቹ ሺፋን ሲያቅፏት ያን ጊዜ እሷም «አባቴ!» ብላ ጮኸች፣ እንደ ልጅ መሬት ተንከባለለች፤ ልጅ ናት እኮ። አላህ ይመስገን ጮኸች።

እኔ ደግሞ ታናሼን በስሙ ጠራሁት። በሽማግሌ ፊት፣ በሚስቴ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ አብዱልጀባር፣ አብዱልጀባር እያልኩ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ መጥቶ አጽናናኝ። እስኪመሽ አለቀስኩ፤ እርሜን አወጣሁ።

ወንድምዎ
አብዱልመናን